ስልኬ የሚውልበት ቤት

እንዲታዘንልኝ ብዬ አይደለም የምጽፈው፤ ይሄን አስቀድሜ ልናገር። የስልክ ሱሰኛ ነበርኩ። «ትንሽ ታበዛለች» የሚባለው ዓይነት እንዳይመስላችሁ። የሦስተኛ ዓመት የምሕንድስና ተማሪ ሆኜ፣ ጓደኞቼ ፈተና ላይ ተቀምጠው እኔ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ከተማ እገዛ ነበር። ጨዋታ ነው። ከተማ ትሠራላችሁ፣ ወታደር ታሰልፋላችሁ፣ ንግሥት ትባላላችሁ። ስልኬ ውስጥ ስንት ግንብ ያቆምኩት ሴት ደብተሬ ላይ አንድ ምሰሶ ማስላት አቃተኝ። ዩኒቨርሲቲውም አሰናበተኝ።

አባቴ ጠበቃ ነው፣ እናቴ አዋላጅ ነርስ። ሁለቱም በሥራቸው የተከበሩ ስለሆኑ የእኔ መባረር ቤታችን ውስጥ እንደ ነውር ተሸፈነ። እንግዳ ሲመጣ «ዕረፍት ላይ ናት» እባላለሁ። ዕረፍት! ሻይ አቅርቤ ወደ ክፍሌ እገባለሁ፤ ክፍሌ ውስጥ ደግሞ ያ ስልክ ይጠብቀኛል። ከጨዋታው ለመላቀቅ ዘጠኝ ጊዜ አጥፍቼዋለሁ። ዘጠኝ ጊዜም መልሼ ጭኜዋለሁ።

ዩኒቨርሲቲው ለተሰናበተ ተማሪ አንድ ጊዜ ብቻ በሩን ይከፍታል፤ የዳግም ቅበላ ፈተና ይሰጣል። ለዚያ ፈተና ለማጥናት አንድ ጠዋት ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ስሄድ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለች አንዲት ጠባብ የስልክ ጥገና ቤት አየሁ። አንድ ወጣት የሚያጎላ መነጽር ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሷል። ሰፈሩ «መነጽሩ» እያለ ነው የሚጠራው። ምን እንደገፋፋኝ እንጃ፣ ገባሁና ስልኬን ፊቱ አስቀመጥኩ።

«ምን ሆነብሽ?»

«ምንም።»

«ስክሪኑ ነው?»

«ደህና ነው።»

«ቻርጅ አልይዝ አለ?»

«ይይዛል። እንዲያውም ችግሩ አለመጥፋቱ ነው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አንተ ጋ ይዋል። ብለምንህም እንዳትሰጠኝ። እናቴ ከደወለች ብቻ ቤተ መጻሕፍቱ መጥተህ ጥራኝ።»

መነጽሩ አንድ ልማድ አለው። ለሚገባለት ስልክ ሁሉ ቁራጭ ወረቀት ይጽፍለትና በላስቲክ ያስርበታል። ወረቀቱ ላይ የባለቤት ስም፣ ብልሽት እና የመመለሻ ሰዓት ይሰፍራል። ስሜን ጻፈና እስክሪብቶውን አየር ላይ አቆመ።

«ብልሽት የሚለው ላይ ምን ልበል?»

«ባለቤቷ ተበላሽታለች በል።»

ቀና ብሎ አየኝ። ያን አስተያየት ዛሬም አልረሳውም፤ ሐዘኔታ የለበትም፣ ፍርድም የለበትም። አንድ ነገር የት ጋ እንደላላ የሚፈልግ ሰው አስተያየት ነው። «ተበላሽታለች ብዬ አልጽፍም» አለኝ። «ደክማለች ብዬ እጽፋለሁ።» እንደዚያው ጻፈ፤ ስልኬንም ፊቱን ወደ ታች ደፍቶ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። የሰው ስልክ ፊቱን ወደ ታች ነው የሚቀመጠው፤ ይሄም ሕጉ ነው።

በሦስተኛው ቀን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ደብተሬን ጥዬ መጣሁ። «ስጠኝ» አልኩት።

«ሴትየዋ ብለምንህም አትስጠኝ ብላኛለች።»

«ሴትየዋ እኮ እኔ ነኝ!»

«እኔ የማምነው የጠዋቷን ነው» አለና ወደ ሥራው ተመለሰ። ሰደብኩት። ስድቤን ጨርሼ ስወጣ ግን ሳቄ መጣ፤ ከስንት ወር በኋላ መሰላችሁ።

ከዚያ ወረቀቶቹ ደብዳቤ ሆኑ። ማታ ስልኬን ስቀበል «ብልሽት፦ ዛሬ አምስት ጊዜ በመስኮት ወደዚህ አየች» የሚል አገኛለሁ። በማግሥቱ ጠዋት ከጀርባው «ብልሽት፦ ጠጋኙ ማንንም ሳያማክር ጸጉሩን ተቆርጧል» ብዬ እመልሳለሁ። ታናናሾቹን ለማሳደግ ከአሥረኛ ክፍል ማቋረጡን በዚያች ቁራጭ ወረቀት ነው የነገረኝ። ስለ መባረሬም የነገርኩት በዚያችው ነው፤ አፍ አውጥቶ መናገር ያሳፍረኝ ነበርና። አንድ ቀን ብልሽት የሚለውን መስመር ባዶ ትቶት ከሥሩ «ስትመጪ ደህና ነኝ፣ ስትሄጂ አይደለሁም» ብሎ ጻፈልኝ። ያቺን ወረቀት ይዤ ሁለት ፌርማታ የሚያህል መንገድ በእግሬ ሄድኩ፤ አውቶቡስ መሳፈር ትዝ አላለኝም።

ፈተናውን ተፈተንኩ፤ በስልሳኛው ቀን ውጤቱ ተለጠፈ። አለፍኩ። የቀረኝ አንድ ቅጽ ብቻ ነበር። ግርጌው ላይ ወላጅ ዋስ ሆኖ ይፈርማል፣ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። አባቴ ቅጹን ከእጄ ተቀብሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተና ግንባሬን ሳመኝ። ያን ቀን ዓለም የእኔ ነበረች።

ሰኞ ሁሉም ነገር ተናደ።

በአሥራ አንድ ሰዓት ስልኬን ልወስድ ስገባ መነጽሩ ቀና ብሎ አላየኝም። ስልኩን በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋው። ወረቀቱ ላይ «ጤነኛ ነው። ከነገ ጀምሮ ባለቤቱ ጋ ይዋል» ይላል።

«ምን ማለት ነው?»

«አልፈሻል አይደል? ከዚህ በላይ ምን ያደርግልሻል፣ የኔ ቤት።»

«ቀና በልና ንገረኝ።»

«ሥራ አለብኝ» አለኝ። ሥራ የሚለው ስልክ ክዳኑ እንኳ አልተከፈተም። እኔም መለመን የማይሆንልኝ ሰው ነኝና ስልኬን አንስቼ ወጣሁ። መንገዱን ተሻግሬ የቤተ መጻሕፍቱ አጥር ጥግ ስደርስ ነው እንባዬ የመጣው።

ራት ላይ አባቴ ማንኪያውን አስቀመጠና ድምፁን አጠራ። ችሎት ፊት ሲቆም እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

«ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ደውዬልሽ ነበር። ወንድ ነው ያነሳው። ማነህ ስለው ‹ስልክ ጠጋኝ ነኝ፣ ስልኳ በየቀኑ እኔ ጋ ነው የሚውለው› አለኝ። በየቀኑ! አሁን ጥያቄዬ አጭር ነው። ማነው?»

ለካ ለዚህ ነው! አባቴ አስፈራርቶት ነው ብዬ ደመደምኩ።  «የምወደው ሰው ነው» አልኩ። እናቴ ብርጭቆዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ከስልክ ትላቀቅልን ብለን ስንጨነቅ አንቺ ጭራሽ ስልክ ቤት ገብተሽ ወደቅሽ!» አለ አባቴ። «ስልክ ጠጋኝ ነው ትምህርትሽን የሚመልስልሽ?»

«መልሶልኛል እኮ።»

«ይሄን ሐሙስ ምሳ ላይ እንጨርሰዋለን። በጽሑፍ» አለ፤ ንግግሩን ሳይጨርስ ስልኩ በራና አነሳው። አባቴ ገበታ ላይ በስልኩ የሰዎችን ክርክር ሳያይ አይበላም።

ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ከስልኬ ጋር ብቻዬን ዋልኩ። ከስልሳ አንድ ቀን በኋላ የመጀመሪያው ቀን ነው። ጀግና ሆንኩ አልላችሁም። ሦስት ጊዜ አነሳሁት፣ ሦስት ጊዜ አስቀመጥኩት፣ በአራተኛው እናቴ ከሥራ ስትገባ እጇ ላይ ጣልኩትና «ደብቂልኝ» አልኳት። አንድም ጥያቄ አልጠየቀችኝም። ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ከጎኔ ተቀመጠች፣ አብረን አመሸን። በመነጽሩ እየተናደድኩ፣ ደግሞ እየናፈቀኝ፣ ደግሞ ስለናፈቀኝ በራሴ እየተናደድኩ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ስልኬን ከእናቴ ተቀብዬ ሄድኩ። ገና በሩን ሲከፍት ደረስኩበት።

«አባቴ ምን ብሎ ነው ያስፈራራህ?»

«አባትሽ? ጥሪያቸው ሲደጋገም የቸገራቸው መስሎኝ አነሳሁት። ማን እንደሆንኩ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። አላስፈራሩኝም።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው እንደ አሮጌ ባትሪ አውጥተህ የወረወርከኝ?»

 መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ በሸሚዙ ጫፍ መጥረግ ጀመረ። ብርጭቆው ንጹሕ ነበር።

«የሚጠብቅሽ ሰው አለ» አለ በመጨረሻ። «ማየቴ ጥፋት ነው፤ አውቃለሁ። ሰኞ አባትሽን አነጋግሬ ስልኩን ልደፋው ስል በራ። ‹ንግሥቴ፣ ናፍቀሽኛል። ዛሬም አትመጪም? በሩ ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ› ይላል። ከላይ ደግሞ የትናንትናው አለ፣ ከዚያ በፊት ያለው ቀን አለ፣ ከዚያም በፊት… ሰውዬው በየቀኑ ነው የሚለምንሽ። እኔ ለካ ከእሱ መደበቂያሽ ነኝ። ንግሥቴ የሚልሽ ሰው እያለ ከዚህ ከሣጥን የማይሻል ቤት ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ ብዬ ነው።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ከት ብዬ ሳቅሁ። ሳቄ መሃሉ ላይ ተቆርጦ ልቅሶ ሆነ፣ ልቅሶውም ንዴት ሆነ።

«አንተ!» አልኩት። «የአገሩን ስልክ ሆድ ዕቃ የምታውቅ ሰውዬ! በል ና፣ ተቀመጥ። ንግሥቴ የሚለኝን ላሳይህ።»

ስልኩን ከፈትኩ። ጨዋታውን ነካሁት። ያ ሙዚቃ ጀመረ። ግንቦቼ፣ መብራቶቼ፣ ሰንደቆቼ እንዳሉ ናቸው። በሩ ላይ ረጅም ካባ የለበሰ ሽማግሌ አማካሪ ቆሟል፤ አጎንብሶ እጅ ነሳኝ። ከሥሩ «ንግሥቴ፣ መጣሽልኝ!» የሚል ጽሑፍ ወጣ።

«ይሄውልህ ውሽማዬ» አልኩት። «ሥዕል ነው። ስትጠፋበት እያቆላመጠ ይለምናል፤ የሠሩት ሰዎች በአርባ ቋንቋ ልመና አስተምረውታል። ሁለት ዓመት የበላኝ እሱ ነው። ስልሳ አንድ ቀን ሙሉ ከእሱ እየሸሸሁ ወደ አንተ ስመጣ፣ አንተ የእሱን አንዲት መስመር አምነህ እኔን ከሰስከኝ። ስልኩን አመንከው፣ እኔን ግን አላመንከኝም!»

መነጽሩ ፊቱ እስከ ጆሮው ቀላ። ሥዕሉን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ሥዕሉን አየ። «ሰው መስሎኝ ቀንቼበት…» አለና መጨረስ አቃተው። «ከሰኞ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፣ ለሥዕል።»

ልስቅ ፈልጌ ነበር። ግን አውራ ጣቴ ሳላዘው ወደ ግምጃ ቤቱ እየሄደ ነበር፤ ስልሳ አንድ ቀን የተጠራቀመ ሽልማት እንዳለ ጽፎልኛል። አየው። እጁን ዘረጋ።

«ላጥፋልሽ?»

«አትንካው። የኔ ነው፤ እኔ ነኝ የማጠፋው።»

ጣቴን ጭኜ ያዝኩ። ሊጠፋ ነው ወይ ብሎ ስልኩ ጠየቀኝ፣ አዎ አልኩ። እርግጠኛ ነሽ ወይ አለኝ፤ ተሳደብኩና አዎ አልኩ። ጠፋ። 

«አሥረኛ ጊዜዬ ነው» አልኩት። «ዘጠኝ ጊዜ መልሼዋለሁ። አሥራ አንደኛም ሊኖር ይችላል። ድኛለሁ ብዬ አልምልልህም። ይሄን አውቀህ የምትፈልገኝ ከሆነ ፈልገኝ፤ የማትፈልገኝ ከሆነ ደግሞ አሁኑኑ ንገረኝና ልወቀው።»

መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ያለ እሱ ዓይኑን በቅርብ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር፤ እንባ አቅርሯል።

«እኔ ስልክ ጠጋኝ ነኝ» አለኝ። «የሠራሁት ስልክ ዳግም አይበላሽም ብዬ ለማንም ምዬ አላውቅም። ከተበላሸ አምጡት እላለሁ እንጂ።» ቀና ብሎ አየኝ። «አንቺም ነይ። ስንት ጊዜም ቢሆን ነይ።»

ጠረጴዛው በመካከላችን ነበር፤ ብሎንና ሽቦ የተበተነበት። በላዩ ተንጠራርቼ ጭንቅላቴን ትከሻው ላይ አደረግሁ። የማለዳዋ ፀሐይ በሩ ላይ እስክትደርስ እንደዚያው ቆምን። የሚያልፍ ሰው ሁሉ ያየናል፣ ይየን እንጂ፤ ደስታዬን የምደብቅበት ዕድሜ አልቆ ነበር።

ሐሙስ ምሳ ላይ መነጽሩ አብሮኝ ወደ ቤታችን መጣ። «በጓሮ በር ልግባ?» ብሎ ቢጠይቀኝ ተቆጣሁት። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፤ ግንባሩ ላይ የመነጽሩ ማሰሪያ ያወጣው መስመር ይታያል። አባቴ ከእግሩ እስከ ራሱ አየውና መቀመጫ በጣቱ ጠቆመው። እናቴ ከተረኝነት በቀጥታ ስለመጣች ነጭ የሥራ ልብሷን አላወለቀችም።

አባቴ ሁለት ወረቀት ፊቴ አስቀመጠ። አንዱ የዩኒቨርሲቲው ቅጽ ነው፣ ግርጌው ባዶ። ሌላው ራሱ የጻፈው ስምምነት ነው፤ ሰባት አንቀጽ፣ በሁለት ቅጂ።

«ሳታነቢ አትፈርሚ ብለህ ያሳደግከኝ አንተ ነህ» ብዬ አነበብኩት። ስለ ጥናት ሰዓት ይላል፣ ስለ ስልክ ይላል። አምስተኛው ላይ ደረስኩ፦ «ሁለተኛዋ ወገን ከስልክ ጠጋኙ ግለሰብ ጋር በአካልም ሆነ በማናቸውም ሌላ መንገድ አትገናኝም።» ሁለተኛዋ ወገን እኔ ነኝ። ግለሰቡ አጠገቤ ተቀምጧል።

«ከአምስተኛው በቀር ሁሉንም እፈርማለሁ።»

«ወይ ሙሉውን፣ ወይ ምንም» አለ አባቴ። ወደ መነጽሩ ዞረ። «አንተስ? ዳግም ብትወድቅ ተጠያቂው ማነው? አንተ ነህ?»

«አይደለሁም፣ ጌታዬ» አለ መነጽሩ። አላጎነበሰም። «እኔ ስልኳን አስቀመጥኩላት እንጂ አላጠናሁላትም። ፈተናውን ያለፈችው እሷ ናት። ብትወድቅም የምትነሳው እሷ ናት። እርስዎም እኔም ከዚህ ከአጠገቧ መሆን ነው የምንችለው።»

«ጥሩ ተናጋሪ ነህ!» አለ አባቴ፤ እግረ መንገዱንም ስልኩን ገልበጥ አድርጎ አየ።

«አባዬ፣ ከተቀመጥን ጀምሮ ሦስት ጊዜ ስልክህን አየህ።»

«የኔ ሥራ ነው!»

«እኔም ከተማ እያስተዳደርኩ ነበር።»

እናቴ ሳቋን በመሐረቧ አፈነች። አባቴ ግን አልሳቀም። ፊቱ ድንገት ያረጀ መሰለኝ፤ ሰባቱን አንቀጾች በመዳፉ ዳበሳቸው። «ሁለት ማታ ነው ቁጭ ብዬ የጻፍኩት» አለ በሌላ ድምፅ፣ በማላውቀው ድምፅ። «አልጋ ላይ ቀንና ሌሊት ተኝተሽ፣ ስጠራሽ የማትሰሚበትን ጊዜ ረስተሽዋል። እኔ አልረሳሁትም። ዳግም ስትወድቂ ማየት አልችልም፣ ልጄ።»

 ልፈርምለት ቃጣኝ፤ እውነቱን ነው የምነግራችሁ፣ እስክሪብቶውን አንስቼ ነበር። ስለወደደኝ ነው ያጠረኝ። ግን በፍቅርም ቢሆን ታጥሬ መኖር ደክሞኛል።

«ትችላለህ፣ አባዬ» አልኩት። «እኔም ችዬዋለሁ።» እስክሪብቶውን መለስኩለት። «እሱን ትቼ የማገኘው ትምህርት ይቅርብኝ። ነገ ያለ ዋስ ሄጄ በሩን አንኳኳለሁ። ካልተቀበሉኝ በሚቀጥለው ዓመት እሄዳለሁ። በሚቀጥለው ዓመትም እወደዋለሁ።»

  እናቴ ቅጹን በጣቷ ወደ ራሷ ሳበችና ዓይኗን ጠበብ አድርጋ አነበበችው።

«እዚህ ላይ የሚፈርመው ‹ወላጅ› ነው የሚለው ወይስ ‹ጠበቃ›?»

«ምን ማለትሽ ነው?» አለ አባቴ።

«እኔም ወልጃታለሁ ማለቴ ነው። አሥራ ስምንት ሰዓት ሳምጥ አንተ ችሎት ነበርክ።» ከደረት ኪሷ እስክሪብቶ አወጣች፤ የተወለዱ ልጆች የሚመዘገቡበትን። ስሟን በግልጽ ጻፈችና ፈረመች። ቀና ብላ ያየችው ግን እኔን አልነበረም፣ እሱን ነበር። «ይህች ልጅ ለመነሳት ጊዜ ይወስድባታል እንጂ ትነሳለች። ከሆዴ ስትወጣም እንደዚሁ ነበረች። ብላ እንጂ ልጄ፣ ምግቡ ቀዘቀዘ።»

ልጄ አለችው። መነጽሩ ማንኪያውን ማንሳት አቃተው። አባቴ ስምምነቱን አጥፎ ተነሳና ወደ ጽሕፈት ክፍሉ ገባ፤ በሩን በኃይል አልዘጋውም። ያ ዝግ ያለ አካሄዱ ከቁጣው በላይ አስጨነቀኝ፤ ግን አልተከተልኩትም።

ቅጹን ዓርብን ሳልጠብቅ በዚያው ላደርስ መነጽሩን አስከትዬ ወጣሁ። ከግቢያችን እስከ ዋናው መንገድ ያለው ቀጥ ያለ ነው፤ ከአባቴ ጽሕፈት ክፍል መስኮት ሁሉ ይታያል። ጥቂት እንደሄድን እጄን ሰጠሁት። ያዘኝና ወደ ኋላ ገልመጥ አለ።

«መስኮቱ ጋ ቆመዋል» አለኝ በቀስታ።

«አውቃለሁ።»

«እያዩን ነው። ልልቀቅሽ?»

እጁ አልቦት ነበር። የኔም አልቦታል። ከሁለት ዓመት ወዲህ እጄ ውስጥ ይዤ ያልፈራሁት ነገር ይሄ ብቻ ነው።

«አጥብቀህ ያዝ» አልኩት። «ይየን።»